በወንዝ ዳር የቆመ ኮሌጅ፤ የዶክተር ጁልየት ጋርሲያ የትምህርት አስተዳደር ታሪክ

የትምህርት ቤት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ተደጋግሞ የሚነሣው የሕንፃው ማማር፤ የክፍሎቹ ብዛትና ሥራውን የመረቁት ባለሥልጣን ስም ነው። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤት እውነተኛ ታሪክ የሚገኘው ከበሩ ላይ ነው፤ ይኸውም በሩ ለማን እንደ ተከፈተ፤ በማን ላይ እንደ ተዘጋ፤ ማንስ ሊከፍተው እንደ ደከመ በመመርመር ነው። የትምህርት አስተዳዳሪ የተባለ ሰው ሥራም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ደብዳቤ መፈረም፤ በጀት ማዘጋጀትና ስብሰባ መምራት የሥራው መሣሪያዎች ናቸው እንጂ ሥራው ራሱ አይደሉም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ሆነው ከሚጠቀሱት ሰዎች አንዷ በአሜሪካ፤ በቴክሳስ ግዛት፤ በብራውንስቪል ከተማ የሠሩት ዶክተር ጁልየት ጋርሲያ ናቸው። እኚህ ሴት በ1986 የቴክሳስ ሳውዝሞስት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው በተሾሙ ጊዜ፤ በአሜሪካ ከሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች መካከል ኮሌጅን በፕሬዚዳንትነት ለመምራት የመጀመሪያዋ ሆኑ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 2014 ድረስ፤ በመጀመሪያ ኮሌጁን፤ ቀጥሎም ከኮሌጁ ጋር የተዋሐደውን ዩኒቨርሲቲ በጠቅላላው 28 ዓመታት መሩ። ታሪካቸው ግን የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። በብዙ ድካም የገነቡት ዩኒቨርሲቲ ስሙ ዛሬ የለም፤ ያስተሳሰሩትም የአንድነት ውል ፈርሷል። ስለዚህ የሥራቸው ታሪክ ለትምህርት ሰዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ይኸውም አንድ አስተዳዳሪ ያቆመው ድርጅት ቢጠፋ ከሥራው ምን ይቀራል? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የወንዙና የከተማው ታሪክ

ብራውንስቪል በቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ የሜክሲኮ ከተማ የሆነችው ማታሞሮስ ትታያለች። ወንዙ ወሰን ከመሆኑ በፊት ግራና ቀኙ የአንድ ሕዝብ መኖሪያ ነበር፤ ዘመድ ከዘመድ፤ ከብትም ከከብት ሳይለይ ወዲያና ወዲህ ይሻገር ነበር። በ1846 የአሜሪካ ጦር በወንዙ ሰሜናዊ ዳር ምሽግ ሠራ፤ በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል የተደረገውም ጦርነት ከዚያው አካባቢ ተነሣ። ምሽጉ በተከበበ ጊዜ የሞቱት አዛዥ ሻለቃ ጄኮብ ብራውን ይባሉ ስለ ነበር ምሽጉ ፎርት ብራውን፤ በአጠገቡ የተቆረቆረችውም ከተማ ብራውንስቪል ተባለች። በየካቲት ወር 1848 በጓዳሉፔ ሂዳልጎ የተፈረመው የሰላም ውል ወንዙን የሁለት መንግሥታት ወሰን አደረገው። በዚህም ምክንያት በሰሜኑ ዳር ይኖር የነበረው ሕዝብ ከቤቱ ሳይወጣ አገሩ ተለወጠበት። እነርሱ ድንበሩን አልተሻገሩም፤ ድንበሩ ነው እነርሱን የተሻገራቸው እየተባለ እስከ ዛሬ የሚነገረው ስለዚህ ነው።

ምሽጉ ለብዙ ዘመን የጦር ሠራዊት መኖሪያ ሆኖ ቆየ። በ1882 ቢጫ ወባ በገባ ጊዜ ዊልያም ጎርጋስ የተባሉት የጦር ሐኪም በዚያ ሕመምተኞችን ሲረዱ ራሳቸው ታመው ዳኑ፤ በኋላም የፓናማ ቦይ በሚቆፈርበት ጊዜ ይህንኑ በሽታ በማጥፋት ስማቸው በዓለም የታወቀ ሆነ። ሠራዊቱ ቦታውን ከለቀቀ በኋላ በ1948 የከተማው ኮሌጅ ወደ ምሽጉ ግቢ ገባ። ይህ ኮሌጅ በ1926 የተመሠረተ፤ የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ የሚሰጥ ድርጅት ነበር። የጦር ሆስፒታል የነበረው ባለ ቅስት ሕንፃም የኮሌጁ አስተዳደር ቤት ሆነና በሐኪሙ ስም ጎርጋስ አዳራሽ ተባለ። ሕዝብን ለመጠበቅ ተብሎ የታጠረ ግቢ ሕዝብ የሚማርበት ግቢ ሆነ ማለት ነው።

የተዘጋው በር

የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች በቴክሳስ ትምህርት ቤቶች ያሳለፉት ዘመን ግን የተቃና አልነበረም። በ1918 የወጣው የግዛቱ ሕግ ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ ማስተማርን እንደ ወንጀል ቈጠረው፤ ይህም ሕግ ፈጽሞ የተሻረው 55 ዓመት ቆይቶ በ1973 ነው። በጨዋታ ሜዳ ላይ እንኳ በእናቱ ቋንቋ በስፓኝኛ ሲነጋገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር። በብዙ ከተሞችም የሜክሲኮ ልጆች ትምህርት ቤት እየተባለ የሚጠራ የተለየ ቤት ይሠራላቸው ነበር። በ1948 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዴልጋዶ በተባለው ክስ ልጆቹን በትውልዳቸው መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑን ፈረደ፤ ነገር ግን ፍርዱ በወረቀት ላይ እንደ ፈጠነ በሥራ ላይ አልፈጠነም።

ሕዝቡም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በላሬዶ ከተማ መምህርትና ጋዜጠኛ የነበሩት ጆቪታ ኢዳር በ1911 የሜክሲኮ ሴቶችን ማኅበር እየመሩ ለድኾች ልጆች ነጻ ትምህርት እንዲሰጥ አደረጉ። በ1929 በኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ሉላክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የላቲን ተወላጅ ዜጎች ማኅበር ተመሠረተ። ይኸው ማኅበር በ1957 ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት 400 የእንግሊዝኛ ቃላት የሚያጠኑባቸውን ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ከፈተ፤ ዓላማውም ልጁ የመምህሩን ቃል ሳይሰማ በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ እንዳይቀር ነበር። ከብራውንስቪል ኮሌጅ ራሱም ታላላቅ ሰዎች ወጥተዋል። የድንበሩን ሕዝብ ዘፈንና ተረት በመሰብሰብና በመመርመር የታወቁት ሊቅ አሜሪኮ ፓሬዴስ በ1915 በብራውንስቪል ተወልደው በዚያው ኮሌጅ ተምረዋል።

ይሁን እንጂ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የሁለት ዓመት መንገድ ብቻ ነው። በዲግሪ ለመመረቅ የሚፈልግ የብራውንስቪል ልጅ ሩቅ ከተማ መሄድ፤ ቤት መከራየት፤ ከሥራና ከቤተሰብ መለየት ነበረበት። በ1973 ፓን አሜሪካን የተባለው ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ቅርንጫፍ በኮሌጁ ግቢ ከፈተ፤ ሆኖም ይህ ከሌላ ከተማ የሚታዘዝ ትንሽ ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም።

ልጅነትና ትምህርት

ጁልየት ቪያሪያል በ1949 በዚሁ ከተማ ተወለዱ፤ ጋርሲያ የሚለውን ስም ያገኙት በጋብቻ ነው። አባታቸው የፓን አሜሪካን አየር መንገድ ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ጁልየት የ9 ዓመት ልጅ ሳሉ ዐረፉ። ወላጆቻቸው ኮሌጅ ለመግባት ዐቅም ያላገኙ ቢሆኑም ልጆቻቸው መማራቸው የማያጠራጥር ነገር መሆኑን በቤታቸው ውስጥ እንደ ሕግ አድርገው ተክለውት ነበር። ጁልየትም ትምህርታቸውን በከተማቸው ኮሌጅ ጀምረው ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ፤ በ1970 የመጀመሪያ ዲግሪ፤ በ1972 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ተቀበሉ። በ1976 በኦስቲን ከሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ሲያገኙ ዕድሜያቸው 27 ዓመት፤ እርሳቸውም ባለ ትዳርና የሁለት ትናንሽ ልጆች እናት ነበሩ። ያጠኑት የንግግርና የቋንቋ ትምህርት ነበር።

እንዲህ ያለ ማዕርግ ያለው ሰው በትልቅ ከተማ ትልቅ ሥራ ማግኘት በቻለ ነበር። ጁልየት ጋርሲያ ግን ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመልሰው ማስተማርን መረጡ። በ1981 የኮሌጁ የሥነ ጥበብና የሳይንስ ክፍል ዲን ሆኑ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ፕሬዚዳንት። ስለዚህ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ የገቡት ከውጭ እንደ መጣ ሹም ሳይሆን የቤቱን ጓዳ እንደሚያውቅ ልጅ ነበር፤ በዚያ የተቀመጡትን ተማሪዎች ችግር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ወንበር ተምረውታል።

ክሱና የአንድነቱ ውል

አዲሷ ፕሬዚዳንት ሥራቸውን በጀመሩ በዓመቱ፤ በ1987፤ የሜክሲኮ ተወላጆች የሕግ መከላከያ ድርጅት በሉላክና በሌሎች ስም በቴክሳስ መንግሥት ላይ ክስ አቀረበ። ክሱ የተሰማው በዚያው በብራውንስቪል ከተማ ነበር። በፍርድ ቤት የተገለጸውም ነገር አሳዛኝ ነበር። ከግዛቱ ሕዝብ 20 በመቶ ያህሉ በድንበሩ አካባቢ ሲኖር፤ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች ከሚያወጣው ገንዘብ ለዚያ አካባቢ የሚደርሰው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በግዛቱ ውስጥ ከነበሩት 590 ያህል የዶክተርነት ትምህርት ዓይነቶች በድንበሩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ዳኛው ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብለው ፈረዱ፤ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1993 ፍርዱን ሻረው። ከሳሾቹ በሕግ ቢረቱም በነገሩ አልተረቱም፤ ምክንያቱም ክርክሩ ያሳፈረው የሕግ አውጪ ምክር ቤት ለድንበሩ ኮሌጆች ከፍ ያለ ገንዘብ መመደብ ጀምሮ ነበር።

በዚህ ነፋስ ውስጥ በ1991 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በብራውንስቪል በሕግ ተቋቋመ፤ በ1992ም ጁልየት ጋርሲያ ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። በአንድ ከተማ ሁለት ደካማ ድርጅቶች ጎን ለጎን እንዲቆሙ ከማድረግ ይልቅ ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ውል እንዲተሳሰሩ ተደረገ። ኮሌጁ በሕዝብ የሚመረጠውን ቦርዱንና ከከተማው የሚሰበስበውን ግብር ይዞ ቀረ፤ ማስተማሩን፤ መምህራኑንና አስተዳደሩን ግን ዩኒቨርሲቲው ተረከበ። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ፤ መዝገብ ቤቱ አንድ፤ ግቢውም አንድ ሆነ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ፍሬ ነገር ከተማሪው ዘንድ ሲታይ ይገለጻል። ቀድሞ ተማሪው ሁለት ዓመት ጨርሶ እንደ ገና ማመልከቻ ይጽፋል፤ የተማረው ትምህርት ይቈጠርልኝ አይቈጠርልኝ እያለ ይጨነቃል፤ ብዙውም ከዚህ ድልድይ ላይ ይወድቃል። በአንድነቱ ውል ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ሁሉ በአንድ በር ገብቶ፤ የአጭር ጊዜ የሙያ ምስክር ወረቀትም ቢሆን፤ የሁለት ዓመት ዲፕሎማም ቢሆን፤ የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ዲግሪም ቢሆን፤ እንደ ዐቅሙ እስከ ደረሰበት ድረስ ይሄድ ነበር። የመንጃ ጥገና የሚማረውና የሒሳብ ሊቅ ለመሆን የሚያስበው በአንድ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የተማሪውም ቍጥር እያደገ ሄዶ ከ15 ሺህ በላይ ደረሰ።

ከግቢው ውጭ የተሠራ ሥራ

ብራውንስቪል ሀብታም ከተማ አይደለችም። በ2010 ዓመታት ውስጥ በተደረገው የሕዝብ ጥናት ከነዋሪዋ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው በድኽነት መለኪያ ሥር ይኖር ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ኮሌጅ የሚመራ ሰው ከቢሮው ተቀምጦ ተማሪ አይጠብቅም። ዶክተር ጋርሲያ ከነጋዴው፤ ከሕዝብ ተመራጩ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራንና ከወላጆች ጋር ሳይታክቱ ይመክሩ ነበር። በከተማው ሥራው ተቀዛቅዞ የቀረ አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ነበር፤ ይህን ገዝተው የሙያና የንግድ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አደረጉት። በ2004 የኮሌጁ ቀበሌ ግብር ከፋዮች ለአዳዲስ ሕንፃዎች የሚውል 68 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲወሰድ በድምፃቸው ፈቀዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፤ ኪሱ የሳሳ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ዕዳ በገዛ ፈቃዱ መሸከሙ ኮሌጁን እንደ ራሱ ቤት ይቈጥረው እንደ ነበር ያስረዳል።

በከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሰንጠረዥ ጨዋታ እንደ ትምህርት ተይዞ ልጆቹ በግዛቱ ውድድር ያሸንፉ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ይህን ተመልክቶ ለጎበዝ ተጫዋቾች ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጠ። በ2003 ደግሞ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ርዳታ የስበት ሞገድ የሚጠናበት የምርምር ማዕከል ተከፈተ። በመስከረም ወር 2015 የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ ሲያዝ ከዚህ ሥራ ተካፋዮች መካከል በብራውንስቪል የሚገኙት ሊቃውንት ይገኙበት ነበር። በድኽነቱ ብቻ ይታወቅ ከነበረ የድንበር ከተማ እንዲህ ያለ ሊቅነት ሊወጣ እንደሚችል ቀድሞ የገመተ ሰው ጥቂት ነበር።

ዶክተር ጋርሲያ በአገር አቀፍ ሥራም ተካፋይ ነበሩ። ስለ ተማሪዎች የገንዘብ ርዳታ የአሜሪካን ኮንግሬስ የሚያማክረውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ የፎርድ ፋውንዴሽን የበላይ ጠባቂ ቦርድ አባልም ነበሩ። ታይም የተባለው መጽሔት በ2009 ከአሜሪካ 10 ምርጥ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች አንዷ ብሎ ጠቀሳቸው።

የአጥሩ ክርክር

በ2006 የአሜሪካ ኮንግሬስ በሜክሲኮ ወሰን ላይ 700 ማይል ያህል አጥር እንዲሠራ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በ2007 የመንግሥት ሹሞች ለአጥሩ መሬቱን ለመለካት የሚያስገባቸውን ወረቀት ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አቀረቡ። 18 ጫማ ቁመት የታሰበለት ይህ አጥር የሚያልፈው ከወንዙ ወዲህ ራቅ ብሎ ስለ ነበር የግቢው ሰፊ ክፍል ከአጥሩ ማዶ፤ በሜክሲኮ በኩል ሊቀር ሆነ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የወንዙ ማዶ ዘመድ ያላቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም በሁለት ቋንቋና በሁለት ባህል መካከል ድልድይ ለመሆን የቆመ ነበር።

ጁልየት ጋርሲያ ወረቀቱን አልፈርምም አሉ። የዩኒቨርሲቲው ሀብት የሕዝብ መሆኑንና ሕዝቡን የሚጎዳ ነገር ሳይመረመር በፊርማቸው ሊያልፍ እንደማይገባ አስረዱ። በ2008 መንግሥት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ሁለቱ ወገኖች ተመካክረው ሌላ መንገድ እንዲፈልጉ አዘዙ፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ ስምምነት ተደረገ። በስምምነቱ መሠረት መንግሥት በግቢው ላይ አጥር መሥራቱን ተወ፤ ዩኒቨርሲቲውም በግቢው የነበረውን አጥር እስከ 10 ጫማ ከፍ አደረገ።

ይህን ክርክር አንዳንዱ ፍጹም ድል ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ አጥሩ በመጠኑ ቢያንስም አጥርነቱ አልቀረም ብሎ ይነቅፈዋል። ሁለቱም ፍርዶች ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። ዋናው ነገር ግን አንድ የትምህርት አስተዳዳሪ ከበላይ የመጣለትን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት «ይህ ለተማሪዎቼ ምን ያመጣል?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው መሆኑን በአደባባይ ማሳየቱ ነው። እርሳቸውም ይህን ያደረጉት ሕግን በመጣስ ሳይሆን በሕግ ፊት በመቆም ነበር።

የውሉ መፍረስ

በውጭ የመጣውን አጥር የመለሰው ድርጅት በውስጡ ግን መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። የአንድነቱ ውል ሁለት ጌቶች ነበሩት፤ አንደኛው በከተማው ሕዝብ የሚመረጠው የኮሌጁ ቦርድ፤ ሁለተኛው በኦስቲን የሚቀመጠው የዩኒቨርሲቲው የበላይ ጠባቂ ቦርድ። ከኮሌጁ ወገን የሚቀርበው አቤቱታ ቀላል አልነበረም። የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ የሚፈልገው ድኻ ተማሪ በሌላ የቴክሳስ ኮሌጅ ቢማር ኖሮ ከሚከፍለው የበለጠ ይከፍላል፤ ቤተሰቡም የኮሌጁን ግብር ደግሞ ይከፍላል ይባል ነበር። ብዙ ተማሪ ገብቶ የሚመረቀው ጥቂት ነው የሚል ነቀፋም ተጨመረ። በአንጻሩ የውሉ ደጋፊዎች በሩ ለሁሉ ሲከፈት መንገዱ የረዘመበትና ሥራ እየሠራ የሚማር ተማሪ እንደሚበዛ፤ ውሉ ከመኖሩ በፊት ግን ብዙዎቹ ጨርሶ ባልገቡ እንደ ነበር ይመልሱ ነበር።

ክርክሩ ሳይበርድ በኅዳር ወር 2010 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ጠባቂ ቦርድ ውሉ እንዲቋረጥ ወሰነ። ኮሌጁም ራሱን ችሎ ለመቆም ተዘጋጀ። በዚህ ጊዜ ብራውንስቪል ላይ የቆመው ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ትንሽና ገንዘብ የሌለው ሆኖ ሊቀር ሆነ። መፍትሔውም ከወደ ላይ መጣ። በ1876 የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት መድቦ ነበር፤ በ1923 ከዚህ መሬት ዘይት በመውጣቱ ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ የሚባለው ሀብት እጅግ በዛ። የብራውንስቪሉና የፓን አሜሪካኑ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከዚህ ሀብት ተካፋይ አልነበሩም። በ2013 የወጣው ሕግ ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች አጥፍቶ በምትካቸው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሪዮ ግራንዴ ቫሊ የሚባል አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋምና ከሀብቱ እንዲካፈል አደረገ። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ተከፈተ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱም በ2016 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ።

ጁልየት ጋርሲያ በ2014 ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ፤ የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆንም የተመረጠው ሌላ ሰው ነበር። እርሳቸው ግን ከትምህርት ሥራ አልራቁም፤ ወደ ጀመሩበት ሥራ ተመልሰው በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የንግግር ትምህርት ፕሮፌሰር ሆኑ። በሐምሌ ወር 2022 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለሲቪል ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛውን የነጻነት ኒሻን በዋይት ሐውስ ሸለሟቸው።

የሥራው ሚዛን

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። የአንድነቱ ውል ፈርሷል፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ከበሩ ላይ ተነሥቷል፤ ፕሬዚዳንቷም ከወንበሩ ወርደዋል። ታዲያ 28 ዓመት የፈጀው ድካም ምን ሆነ?

በመጀመሪያ የውሉ ጉድለት መሸፈን የለበትም። ሁለት ጌታ ያለው ድርጅት ጌቶቹ ሲስማሙ ይጠነክራል፤ ሲጣሉ ግን ይከፈላል። የትምህርት ክፍያም በድኻው ተማሪ ላይ እንዳይከብድ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ አጥብቆ መታሰር የሚገባው ነገር ነበር። ታላቅ ዓላማ ያለው ሥራ ሁሉ በትናንሽ የሒሳብ ዓምዶች ላይ እንደሚቆም፤ ዓምዶቹም ካልጠበቁ እንደሚናድ ይህ ታሪክ ለአስተዳዳሪዎች ግልጽ ማስረጃ ነው።

ሆኖም ከውሉ መፍረስ በኋላ ከተማዋ ወደ ነበረችበት አልተመለሰችም። በ1972 በዲግሪ ለመመረቅ የሚፈልግ ልጅ ከተማውን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ግን በብራውንስቪል የሁለት ዓመት ኮሌጅም፤ እስከ ዶክተርነት የሚያደርስ ዩኒቨርሲቲም ይገኛሉ። በአንድነቱ ዘመን የተመረቁት መምህራን በዚያው ሸለቆ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ፤ ነርሶቹ በሆስፒታሎቹ ያስታምማሉ፤ ልጆቻቸውም ወደ ኮሌጅ መግባትን እንደ ሩቅ ሕልም ሳይሆን እንደ ሠፈር መንገድ ያዩታል። በ2015 የቋሚው ገንዘብ በር ለድንበሩ ሕዝብ የተከፈተውም ከዚያ በፊት በ1987 ክስ ያቀረቡ፤ በ1992 ውል የተዋዋሉ፤ በ2004 ዕዳ የተሸከሙ ሰዎች የድንበሩ ልጅ የመማር ዐቅምም ፍላጎትም ያለው መሆኑን አስቀድመው ስላስመሰከሩ ነው።

ስለዚህ ከአስተዳዳሪ ሥራ የሚቀረው የድርጅቱ ስም ወይም የሹመቱ ወንበር አይደለም። የሚቀረው ሕዝቡ ይገባኛል ብሎ መጠየቅን የለመደው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ትምህርት እንደሚገባው ያወቀ ሕዝብ ስሙ ቢለወጥ፤ ቦርዱ ቢቀየር፤ ውሉ ቢፈርስ፤ ካወቀው ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። በሪዮ ግራንዴ ዳር ያለው የቀድሞው የጦር ሆስፒታል ዛሬም የቴክሳስ ሳውዝሞስት ኮሌጅ ቤት ነው፤ በየዓመቱም በሩን አልፈው የሚገቡት የወንዙ ዳር ልጆች በሩን ማን እንደ ከፈተው ባያውቁ እንኳ፤ ተከፍቶ አግኝተውታል።